የስኪት ጥይት አመራረጥ፦ ከሜዳው ርቀት እስከ ትከሻዎ

ስኪት፣ ማለትም ወደ አየር የሚወነጨፉ የሸክላ ዒላማዎችን በሾትገን (ብዙ ደቃቅ ፍሬ በአንዴ በሚተኩስ ጠመንጃ) የመምታት ስፖርት፣ የጀመረ ሰው ጥይት ሊገዛ መደብር ሲገባ እጁ ብዙውን ጊዜ የሚዘረጋው ወደ ኃይለኛው ሳጥን ነው። «ከባድ»፣ «ፈጣን»፣ «ማግነም» የሚሉ ቃላት የታተሙበት ሳጥን ዒላማ በራሱ የሚያስመታ ይመስላል። ለስኪት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስኪት ሜዳው በያርድ የተለካ፣ የዒላማው መንገድ አስቀድሞ የታወቀ ስፖርት ነው። ርቀቱ ከታወቀ ደግሞ የሚያስፈልገው ጥይት በወሬ ሳይሆን በስሌት ሊመረጥ ይችላል። በስሌት ሲመረጥ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ ወደ ቀላሉ ጥይት ያደላል።

መመሪያው በዋናነት የሚናገረው አሜሪካ ውስጥ ስለሚተኮሰው ስኪት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ አንባቢዎች በሜሪላንድ ግሌን ዴል ወይም በቨርጂኒያ ሴንተርቪል የሚገኙትን የተኩስ ማዕከላት ሳያውቋቸው አይቀሩም። የኦሊምፒኩ ስኪት የሚለይበትን ቦታ በየመካከሉ አነሳለሁ።

አንደኛ፦ ርቀቱን ልብ ይበሉ

ስኪት የተወለደው በ1920 አካባቢ በማሳቹሴትስ ግዛት አንዶቨር ውስጥ ነው። ቻርልስ ዴቪስ የተባሉ አዳኝ ከጓደኞቻቸው ጋር ከጫካ ድንገት ብድግ የሚል ወፍ መምታትን የሚለማመዱበት ዘዴ ነበር። ሜዳው መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር፤ አጠገቡ የዶሮ እርባታ ሲከፈት ግን ወደዚያ አቅጣጫ መተኮስ ስላልተቻለ በግማሽ ክብ ተወሰነ። እስከ ዛሬ የቀረውም ያ ግማሽ ክብ ነው።

ሰባቱ የመቆሚያ ቦታዎች የተሰለፉት 21 ያርድ፣ ማለትም 19 ሜትር ገደማ ራዲየስ ባለው ቅስት ላይ ነው። የክቡ መሃል በግማሽ ክቡ ሁለት ጫፎች ካሉት የዒላማ ማስወንጨፊያ ቤቶች የሚወጡት ዒላማዎች መንገድ የሚገናኝበት ነጥብ ነው። ስምንተኛው መቆሚያ በሁለቱ ቤቶች መካከል ስለሆነ እዚያ ዒላማው የሚመታው ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር ከሚተኮሱት 25 ጥይቶች አብዛኞቹ ዒላማቸውን የሚያገኙት በ20 ሜትር ውስጥ ነው። ጥንድ ዒላማ በሚወጣባቸው መቆሚያዎች ሁለተኛው ዒላማ ትንሽ ሊርቅ ይችላል፤ ያም ቢሆን ከዚህ ብዙ አያልፍም።

ይህን 20 ሜትር በአእምሮዎ ይያዙት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ ከእሱ ይነሳል።

ሁለተኛ፦ ጠመንጃዎ ምን እንደሚጎርስ ከበርሜሉ ላይ ያንብቡ

ይህ ደረጃ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በሾትገን በርሜል ጎን ላይ ጌጁና የሚቀበለው የጥይት ርዝመት ተቀርጿል፤ ለምሳሌ «12» እና «2¾»። ጌጅ ማለት ከበርሜሉ ውስጠኛ ስፋት ጋር እኩል ከሆኑ የእርሳስ ኳሶች ስንቱ አንድ ፓውንድ እንደሚመዝኑ የሚናገር አሮጌ መለኪያ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር በርሜሉ ይሰፋል። ከዚህ የሚወጣው .410 ብቻ ነው፤ እሱ በቀጥታ በኢንች የተለካ ስፋት ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ርዝመት ከተተኮሰ በኋላ አፉ የተከፈተው ቀለሃ ርዝመት ነው። ያልተተኮሰ ጥይት አፉ ተጣጥፎ ስለተዘጋ ከዚያ ያጥራል። በዚህ ምክንያት 3 ኢንች የተባለ ጥይት 2¾ ኢንች ብቻ በሚቀበል ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ሊገባና ሊዘጋ ይችላል። ሲተኮስ ግን የሚከፈተው አፍ በርሜሉ መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ይዘረጋና መውጫውን ያጠባል፤ ግፊቱም ከመጠን በላይ ይጨምራል። «ገባ» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም። አሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃ የወረሱ ሰዎች ደግሞ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ለ65 ሚሊሜትር ጥይት ስለሆነ የዛሬው መደበኛ የ70 ሚሊሜትር ጥይት ይረዝምባቸዋል። የጠመንጃ ባለሙያ ሳያያቸው አይተኩሱባቸው።

ሁለተኛው አደጋ የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ መግባቱ ነው። ጥይቱ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ቃታ ሲስብ ምንም አይሆንም፤ «ሳላጎርስ ቀረሁ» ብሎ ትክክለኛውን የ12 ጌጅ ጥይት ከኋላው ይጨምርበታል። ሁለተኛው ተኩስ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል፤ የተኳሹ ግራ እጅ ደግሞ በርሜሉ ላይ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ የ20 ጌጅ ቀለሃ ቢጫ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው። ሁለት ጌጅ የሚተኩስ ሰው ከዙር ወደ ዙር ሲሸጋገር የኪሱንና የቦርሳውን ጥይት ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ማየት አለበት። በዚህ ላይ ማንም እንዲዘናጋ አልፈልግም።

ሦስተኛ፦ የፍሬውን መጠን ይወስኑ

በሾትገን ጥይት ውስጥ ያሉት የእርሳስ ፍሬዎች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ፍሬው ያንሳል። በአሜሪካ አቆጣጠር ስፋቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከ17 ላይ የፍሬውን ቁጥር ሲቀንሱ የሚያገኙት ስፋቱን በመቶኛ ኢንች ነው። ቁጥር 9 ሲሆን 8 ይቀራል፤ ስለዚህ 0.08 ኢንች፣ ማለትም 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቁጥር 7½ ደግሞ 0.095 ኢንች፣ ማለትም 2.4 ሚሊሜትር ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ፍሬዎቹ ሲቆጠሩ ግን በጣም ይሰፋል። አንድ አውንስ (28 ግራም) እርሳስ በቁጥር 9 ወደ 585 ፍሬ ይሆናል። በ8½ 485 ገደማ፣ በ8 410 ገደማ፣ በ7½ ደግሞ 350 ገደማ ነው።

አሁን ይህን ወደ ሜዳው እንውሰደው። ለስኪት የሚሆን ቾክ (የፍሬዎቹን መበተን የሚወስን የበርሜል አፍ ጥበት) የተገጠመለት የ12 ጌጅ በርሜል በ20 ሜትር ላይ ፍሬዎቹን ወደ 75 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይበትናቸዋል። የሸክላው ዒላማ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም በጎኑ ሲታይ ከፍታው ከ3 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ስኪት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምናየው ይህን ቀጭን ጎኑን ነው። ፍሬዎቹ ሁሉ በእኩል ተበትነዋል ብለን ብናሰላ፣ ከአንድ አውንስ ቁጥር 9 ይህን ጎን የሚያገኙት ሦስት ወይም አራት ፍሬዎች ናቸው። በ7½ ከሆነ ሁለት ብቻ ናቸው። በእውነት ደግሞ ፍሬ በእኩል አይበተንም፤ መሃሉ ይጠቀጠቃል፣ ዳሩ ይሳሳል። በዳሩ በኩል ዒላማ ሳይነካ የሚያልፍበት ቀዳዳ የሚፈጠረው የፍሬዎቹ ብዛት ሲያንስ ነው። ዒላማው ላይ ነበርኩ፣ ግን አልተሰበረልኝም የሚል ሰው ጥይቱ 8 ወይም 7½ ከሆነ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ትልቅ ፍሬ ጉልበቱን ረጅም ርቀት ይዞ መሄዱ እውነት ነው። ለትራፕ፣ ዒላማው እየራቀ ለሚሄድበት ጨዋታ፣ 7½ እና 8 የሚመረጡትም ለዚህ ነው። በ20 ሜትር ላይ ግን ቁጥር 9 ሸክላ ለመስበር ከበቂ በላይ ጉልበት አለው። ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ለስኪት ቁጥር 9 ይግዙ። ኃይለኛ ነፋስ ዒላማውን በሚያንሳፍፍበትና ሁለተኛው ዒላማ በሚርቅበት ቀን 8½ መያዝ አይከፋም። ቁጥር 8 ለመለማመድ ይበቃል፤ መደብሩ ውስጥ ሌላ ከጠፋ ተኩሱን አይተዉ።

ከቁጥር 9 የደቀቀ ፍሬ መፈለግ ግን አያስፈልግም። የአሜሪካ ብሔራዊ የስኪት ተኩስ ማኅበር በሚያካሂዳቸው ውድድሮችም ከቁጥር 9 የደቀቀ ፍሬ አይፈቀድም። ከአውሮፓ የመጣ ሳጥን ከገዙ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ የቁጥር አሰጣጡ ከአገር አገር ይለያያል። በሚሊሜትር የተጻፈውን ፈልገው 2 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን ያረጋግጡ።

አራተኛ፦ ክብደቱን ከትከሻዎ ጋር ያማክሩ

በአሜሪካ የስኪት ውድድር ለእያንዳንዱ ጌጅ የእርሳሱ ክብደት ጣሪያ አለው። ለ12 ጌጅ 1⅛ አውንስ (32 ግራም)፣ ለ20 ጌጅ ⅞ አውንስ፣ ለ28 ጌጅ ¾ አውንስ፣ ለ.410 ደግሞ ½ አውንስ ነው። በ.410 ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የስኪቱ ጥይት 2½ ኢንች ርዝመት ያለው ነው፤ 3 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ 11/16 አውንስ ስለሚይዝ ከጣሪያው ያልፋል።

በኦሊምፒክ ስኪት ጣሪያው ለሁሉም 24 ግራም ነው። አሜሪካዊው ተኳሽ ቪንሰንት ሃንኮክ በቤጂንግ፣ በለንደን፣ በቶኪዮና በፓሪስ አራት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው በዚህ ሕግ ሥር፣ ከአሜሪካው ሜዳ ፈጠን ብለው በሚወጡ ዒላማዎች ላይ እየተኮሰ ነው። የዓለም ምርጥ ተኳሽ ፈጣኑን ዒላማ በ24 ግራም ከሰበረ፣ እኛ የልምምድ ዒላማ ለመስበር 32 ግራም የምንሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። ማሳሰቢያ ብጨምር፣ የአሜሪካው ⅞ አውንስ ወደ 24.8 ግራም ስለሚሆን በኦሊምፒክ ሕግ ለሚወዳደር ሰው አይሆንም። ለእሱ ሳጥኑ ላይ «24 ግራም» የሚል ይፈልጉ።

ክብደቱ ይህን ያህል የሚያሳስበኝ በርግጫው ምክንያት ነው። እርሳሱ በከበደ ቁጥር ሰደፉ ትከሻን ይበልጥ ይረግጣል። አንድ ጥይት ማንንም አይጎዳም። ስኪት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ዙር፣ መቶ ጥይት የሚተኮስበት ስፖርት ነው። ከስልሳና ከሰባኛው ጥይት በኋላ ሰውነት ሳይጠየቅ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ዐይን ቃታ ከመሳቡ በፊት ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጠመንጃው በዒላማው መንገድ ላይ መሄዱን ያቆማል። ተኳሹ ይህን አያውቀውም፤ የተኩስ ድምፅ ይሸፍነዋል። ጥሩ አሠልጣኝ የሚያጋልጠው የልምምድ ባዶ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ሲያጎርስለት ነው። ቃታው ተስቦ ተኩሱ ሳይወጣ ሲቀር የበርሜሉ አፍ ወደ ታች ሲዘነበል ሁሉም ሰው ያየዋል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ አለመጀመሩ ይሻላል።

ስለዚህ በ12 ጌጅ ለሚተኩስ ሰው 1 አውንስ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለጀማሪ፣ ለወጣትና ትከሻውን ለሚያመው ⅞ አውንስ ይበልጣል። ቁጥር 9 ከሆነ ⅞ አውንስ ውስጥ 512 ገደማ ፍሬ አለ፤ ይህ ከ1⅛ አውንስ ቁጥር 8 ከሚገኘው 460 ገደማ ፍሬ ይበልጣል። በትንሽ ርግጫ ብዙ ፍሬ ማለት ነው።

ለሴቶችና ለልጆች «20 ጌጅ ይቀላል» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይመከራል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ርግጫ ከጥይቱ ብቻ ሳይሆን ከጠመንጃው ክብደትም ይመጣል፤ ቀላል የ20 ጌጅ ጠመንጃ ከከባድ የ12 ጌጅ ጠመንጃ በላይ ሊረግጥ ይችላል። ተኳሹ መሸከም እስከቻለ ድረስ ከበድ ያለ 12 ጌጅ ከ⅞ አውንስ ጥይት ጋር ለትከሻ በጣም ምቹ ጥምረት ነው።

አምስተኛ፦ ፍጥነት ላይ ገንዘብ አያባክኑ

የአሜሪካ ሳጥኖች ፍጥነቱን በሴኮንድ በጫማ ይጽፋሉ፤ 1,145፣ 1,200፣ 1,300 የመሳሰሉትን ያያሉ። በሜትር ወደ 349፣ 366 እና 396 ናቸው። በ1,145 እና በ1,200 መካከል ያለው ልዩነት በ20 ሜትር ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሺሕኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዒላማው የሚጓዘው አምስት ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ የፍሬዎቹ መበተኛ ክብ ደግሞ 75 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ልዩነት ዒላማ አያስመታም፤ አያስስትምም። ርግጫውን ግን ይጨምራል። ከ1,150 እስከ 1,200 ያለውን ይግዙና ፍጥነቱን አይቀያይሩ፤ ዐይንዎ ከአንድ ፍጥነት ጋር ይላመዳል።

ስድስተኛ፦ ሳጥኑን ማንበብ

በእጅዎ ያለው ሳጥን ክዳን ላይ በተርታ 12፣ 2¾፣ 2¾፣ 1⅛፣ 9 ተጽፏል እንበል። የመጀመሪያው ጌጁ ነው። ሁለተኛው ርዝመቱ በኢንች ነው። ሦስተኛው ሰዎችን ግራ ያጋባል፤ «ድራም» የሚባል ሲሆን ጥይቱ በጥንቱ ጥቁር ባሩድ ቢሞላ ኖሮ ተመሳሳይ ፍጥነት ለመስጠት የሚያስፈልገውን የባሩድ መጠን ያመለክታል። በውስጡ ያለው የዘመኑ ባሩድ ክብደት አይደለም፤ ጥይት በቤቱ የሚሞላ ሰው ይህን ቁጥር በፍጹም እንደ መመሪያ መውሰድ የለበትም። አራተኛው የእርሳሱ ክብደት በአውንስ፣ አምስተኛው የፍሬው ቁጥር ነው። ይህ ሳጥን 1,145 ጫማ በሴኮንድ የሚሄድ የተለመደ የዒላማ ጥይት ነው። ለስኪት ይሆናል፤ ለትከሻ ግን 1 አውንሱን እመርጣለሁ።

ከታዋቂዎቹ መካከል ዊንቸስተር ኤኤ፣ ሬሚንግተን ኤስቲኤስ እና ፌደራል ጎልድ ሜዳል ይገኙበታል። ቀለሃቸው ተመልሶ ለመሞላት ስለሚመች ዋጋቸው ከፍ ይላል። መልሶ የመሙላት ሐሳብ ከሌለዎት በርካሹ ሳጥን መለማመድ ምንም ነውር የለበትም።

ሰባተኛ፦ ማዕከሉ ብረት ብቻ ሲፈቅድ

አንዳንድ ማዕከላት፣ በተለይ ውኃ አጠገብ ያሉት፣ እርሳስ ይከለክላሉ። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ተመሳሳይ ጉልበት እንዲኖረው ፍሬው መተለቅ አለበት፤ ልማዱ በፍሬው መጠን ሁለት ደረጃ ከፍ ማለት ነው፤ በእርሳስ 9 የሚተኩስ ሰው በብረት 7 ይይዛል። ብረት ጠንካራ ስለሆነ አሮጌ በርሜልንና ጠባብ ቾክን ሊጎዳ ይችላል። ጠመንጃዎ ብረት እንደሚችል አምራቹ ካላረጋገጠ አይሞክሩት።

ስምንተኛ፦ ጅምላ ከመግዛትዎ በፊት ይፈትኑ

ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት አንድ አንድ ሳጥን ይግዙ። ጠመንጃዎ ግማሽ አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈትሹት ቀላሉን ጥይት መትፋትና ቀጣዩን መጉረስ መቻሉን ነው፤ አንዳንዶቹ በ⅞ አውንስ አይሠሩም። ሁለት ጥይት ብቻ አጉርሰው ደጋግመው ይሞክሩ። ባለ ሁለት በርሜል ጠመንጃ ይህ ችግር የለበትም።

ቀጥሎ ማዕከሉ ከፈቀደ በወረቀት ላይ ይፈትኑ። ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወረቀት በ21 ያርድ ላይ ይሰቀላል፤ ለእያንዳንዱ ጥይት አምስት የተለያየ ወረቀት ይተኩሱ። አንድ ወረቀት ብቻ ያታልላል። ፍሬዎቹ በተጠቀጠቁበት መሃል ላይ 75 ሴንቲሜትር ክብ ያስምሩና ከካርቶን የተቆረጠ የዒላማ ጎን ቅርጽ በየቦታው እያስቀመጡ ሁለት ፍሬ እንኳን የማይነካበትን ቦታ ይፈልጉ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በአምስቱም ላይ የሚበዛበትን ሳጥን ይተዉት፤ ዋጋውና ስሙ ምንም ይሁን።

ግዢና አያያዝ

አንድ ሳጥን 25 ጥይት ይይዛል፤ ለአንድ ዙር ልክ ነው። አሥር ሳጥን የያዘው ካርቶን 250 ሲሆን ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በፌደራሉ ሕግ የሾትገን ጥይት ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የየግዛቱ ሕግ ደግሞ ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ለወገኖቻችን በተለይ ማንሳት የምፈልገው ጉዳይ አለ። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው፣ የፀና የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ካሉ ውሱን ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። ቋሚ ነዋሪዎች በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ወደ ሜዳ ከመውሰድዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ ስፖርት ነው ብሎ ማለፍ የኢሚግሬሽን ጣጣ ያመጣል። የተረፈ ጥይት በኪስ ወይም በሻንጣ ተረስቶ ወደ አዲስ አበባ እንዳይጓዝም ከጉዞ በፊት ቦርሳን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

ጥይቱን በራሱ ሳጥን፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቁልፍ ውስጥ ያስቀምጡ። በበጋ የመኪና ሻንጣ ውስጥ አይተዉት።

ሜዳ ላይ ተኩሱ እንደወትሮው ሳይሆን እንደታፈነ ድምፅ ከወጣ ወዲያው ያቁሙ፤ ከውስጡ የወጣ ነገር በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ካልታየ ሌላ ጥይት አያጉርሱ። ጥይት ከከሸፈ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞሩ ቢያንስ ለሠላሳ ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ አውጥተው ለማዕከሉ ሠራተኛ ያስረክቡ።